የአረንጓዴው ብርሃን ወሰን፤ በሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ላይ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በሆድ ላይ በሚከፈቱ ትናንሽ ቀዳዳዎች፣ ማለትም በላፓራስኮፒ፣ ስለሚሠራ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የሚያወሳ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በሙያ ባልደረቦች መካከል ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደርሷል። የጽሑፉ መነሻ የውስጥ አካላታቸው ግራና ቀኝ የተገለበጠ፣ ጉበታቸውም የሐሞት ከረጢታቸውም በግራ በኩል የተገኘ አንዲት ሕመምተኛ ናቸው። ቀዶ ሐኪሞቹ አይ ሲ ጂ የተባለውን ማቅለሚያ በደም ሥር ከሰጡ በኋላ የሐሞት ቱቦዎቹ በልዩ ካሜራ አረንጓዴ ሆነው ሲያበሩ እየተመለከቱ ከረጢቱን ያለ ጉዳት አውጥተዋል። ይህ በራሱ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ጸሐፊው ግን ከዚህ ከአንድ ሕመምተኛ መልካም ውጤት ተነሥተው አምስት ሰፋፊ ድምዳሜዎችን ያስቀምጣሉ። አንደኛ፣ ብርሃኑ ከጉበት ወደ አንጀት በሚወርደው ዋናው የሐሞት ቱቦ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት እንደሚያስቀር በጥናት ተረጋግጧል ይላሉ። ሁለተኛ፣ የአካል አቀማመጥ ከተለመደው ሲለይ ብርሃኑ ካለ አስቀድሞ የሚደረግ የምስል ምርመራም ሆነ በቀዶ ሕክምናው መካከል የሚነሣ ራጅ አያስፈልግም ይላሉ። ሦስተኛ፣ ማቅለሚያው ማንንም የማይጎዳና በማንኛውም ሰዓት ሊሰጥ የሚችል እንደሆነ ይናገራሉ። አራተኛ፣ በቀዳዳ የተጀመረን ሥራ ሆድ ወደ መክፈት ማዞርን የሐኪም ሽንፈት ያደርጉታል። በመጨረሻም ይህ ካሜራ የሌላቸው ሆስፒታሎች፣ የሰሜን ሸዋዎቹን በምሳሌነት ጠቅሰው፣ የሐሞት ከረጢትን በላፓራስኮፒ ማውጣት አቁመው ሕመምተኛውን ሁሉ ወደ አዲስ አበባ እንዲልኩ ይመክራሉ።

የምሠራው በሰሜን ሸዋ ስለሆነ የመጨረሻው ምክር በቀጥታ ይመለከተኛል፤ ነገር ግን ምክሩ የተደገፈው በፊተኞቹ አራት ነጥቦች ስለሆነ ከእነርሱ መጀመር ይገባል። ማቅለሚያውን የምቃወም አይደለሁም፤ ካሜራው ባለበት ቦታ ሁሉ በሥራ ላይ ቢውል ደስ ይለኛል። የምቃወመው ብርሃኑ የሚያሳየው ነገርና የማያሳየው ነገር ሳይለይ የሚሰጥን ፍርድ ነው።

ለሙያው ሩቅ ለሆነ አንባቢ አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። አይ ሲ ጂ፣ በሙሉ ስሙ ኢንዶሳያኒን ግሪን፣ በሕክምናው ዓለም አዲስ ነገር አይደለም፤ በአሜሪካ ለሰው እንዲሰጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን ለብዙ ዓመታት የልብንና የጉበትን ሥራ ለመለካት፣ እንዲሁም የዓይንን የደም ሥሮች ለመመርመር ሲያገለግል ኖሯል። በደም ሥር ሲሰጥ ከደም ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ ከዚያም ጉበት ከደም ውስጥ ለይቶ ይወስደውና ባሕርዩን ሳይለውጥ ከሐሞት ጋር ያፈሰዋል። ወደ 800 ናኖሜትር በሚጠጋ፣ የሰው ዓይን በማያየው ታሕተ ቀይ ብርሃን ሲመታ 830 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ሌላ ብርሃን መልሶ ይሰጣል፤ ካሜራው ይህንን ተቀብሎ በሞኒተሩ ላይ አረንጓዴ አድርጎ ያወጣዋል። የጃፓን ቀዶ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ ይህንን ጠባይ የሐሞት ቱቦዎችን ለማየት ሥራ ላይ አዋሉት። እንግዲህ ካሜራው የሚያሳየው ሐሞት ያለበትን ቦታ ነው። ሐሞቱን የያዘው ቱቦ የትኛው እንደሆነ ለይቶ መወሰን ግን የሐኪሙ ሥራ ሆኖ ይቀራል፤ የዚህ ምላሽ ፍሬ ነገርም ከዚህ አያልፍም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። የሐሞት ከረጢትን ሆድ ከፍቶ ማውጣት በካርል ላንገንቡክ እጅ በርሊን ውስጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው፤ በላፓራስኮፒ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው ደግሞ ሌላው ጀርመናዊ ኤሪክ ሙዬ በ1985 ነው። አዲሱ ዘዴ ሕመምን ቀንሶ፣ የሆስፒታል ቆይታንም አሳጥሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ አገሮችን ሲያዳርስ አንድ ችግር ይዞ መጣ፤ በዋናው የሐሞት ቱቦ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ሆድ ተከፍቶ ይሠራ ከነበረበት ጊዜ በለጠ። በላፓራስኮፒ ሥራ ዘወትር የሚጠቀሰው መጠን ከ1,000 ሕመምተኞች ከ3 እስከ 5 ነው። ቁጥሩ ሲሰሙት ትንሽ ቢመስልም፣ ዋናው ቱቦ የተቆረጠበት ሰው ለተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና፣ ለቱቦ ኢንፌክሽንና ለጉበት ጠባሳ ሊዳረግ ስለሚችል ማንም ቀዶ ሐኪም በቸልታ የሚያልፈው ነገር አይደለም። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን።

ጸሐፊው ለማስረጃ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመውን፣ 639 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ማቅለሚያውን ከተለመደው ነጭ ብርሃን ጋር ያነጻጸረውን ጥናት ነው። ጥናቱ ጥሩ ጥናት ነው፤ ነገር ግን በዋናነት የለካው ቱቦዎቹ ምን ያህል ታዩ የሚለውን ነው፤ በዚህም የማቅለሚያው ወገን በግልጽ በልጧል። ቱቦን ማየትና ጉዳትን ማስቀረት ግን ሁለት የተለያዩ ውጤቶች ናቸው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ጉዳቱ ከ1,000 ሰው በ4ቱ ላይ ይደርሳል ብንል፣ ከ639 ሰዎች መካከል በአጠቃላይ የምንጠብቀው ከሁለት እስከ ሦስት ሰው ብቻ ነው። ከሁለትና ከሦስት ሰው ደግሞ የትኛውም ወገን አሸነፈ ብሎ መፍረድ አይቻልም። ብርሃኑ ጉዳቱን ከ4 ወደ 2 ዝቅ ያደርገዋል የሚለውን ግምት በተለመደው የስታቲስቲክስ መለኪያ ለማረጋገጥ በእያንዳንዱ ወገን ከ11,000 በላይ ሕመምተኛ ያስፈልጋል። ስለዚህ ትክክለኛው አነጋገር «ቱቦዎቹ በተሻለ እንደሚታዩ ተረጋግጧል፤ ጉዳትን መቀነሱ ግን ተስፋ የሚጣልበት እንጂ የተረጋገጠ አይደለም» የሚል መሆን ነበረበት። በርካታ የቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት ተባብረው እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት፣ የቱቦ ጉዳትን ስለ መከላከል የሚናገረው መመሪያም ማቅለሚያውን ከነጭ ብርሃን ጋር በረዳትነት መጠቀም ይቻላል አለ እንጂ ጥንቃቄ የተሞላበትን የመለየት ሥራ ይተካል አላለም።

በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው ያላነሡት፣ ቢያነሡት ግን ክርክራቸውን ያጠነክርላቸው የነበረ አንድ ጥናት አለ፤ እኔ ላንሣላቸው። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ሎረንስ ዌይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ሥራ 252 የቱቦ ጉዳቶችን መርምረው 97 ከመቶ የሚሆነው ስሕተት የመነጨው ከዓይን መታለል እንደሆነ አሳይተዋል፤ የእጅ ብቃት ማነስ ዋና ምክንያት የሆነው በ3 ከመቶው ብቻ ነው። ሐኪሙ ዋናውን ቱቦ የከረጢቱ ቱቦ፣ ማለትም ከረጢቱን ከዋናው ጋር የሚያገናኘውና መቆረጥ ያለበት ቱቦ፣ ነው ብሎ አምኖ፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ፣ በጥሩ ብልሃት ይቆርጠዋል። ችግሩ የዕይታ ከሆነ መፍትሔውም ዕይታን የሚያሻሽል ብርሃን ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ክርክሩም ክብደት አለው።

ይሁን እንጂ ይህ መታለል እንዴት እንደሚፈጠር በቅርብ ስናይ የብርሃኑ ወሰን ይገለጣል። ከረጢቱ ተይዞ ወደ ላይ፣ ወደ ሕመምተኛው ትከሻ አቅጣጫ ይሳባል፤ አንገቱ ደግሞ ወደ ጎን መጎተት አለበት። አንገቱም አብሮ ወደ ላይ ብቻ ከተሳበ፣ በተለይም የከረጢቱ ቱቦ አጭር ሲሆን ወይም በጠባሳ ከዋናው ቱቦ ጋር ሲጣበቅ፣ ሁለቱ ቱቦዎች በአንድ መስመር ላይ ይውሉና አንድ ወጥ ቱቦ ይመስላሉ። በዚህ ጊዜ ካሜራው ወደ ታሕተ ቀይ ብርሃን ቢቀየር ምን ይታያል? ሁለቱም ሐሞት የያዙ ስለሆኑ ሁለቱም እኩል አረንጓዴ ናቸው። ሐኪሙ «የከረጢቱን ቱቦ አገኘሁት፤ ይኸው ያበራል» ብሎ ቱቦውን ቆንጥጦ የሚዘጋውን ክሊፕ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ እንዲያውም ቀድሞ ጥርጣሬ ውስጥ የነበረው ሰው በብርሃኑ ተማምኖ ሊደፍር ይችላል። በጣርማ በር ጉም ውስጥ የመኪና መብራት መንገዱን ያሳያል እንጂ ወደ መሐል ሜዳ የሚገነጠለውን ወደ ደብረ ሲና ከሚወርደው አይለይም። ለዚህ ነው ብርሃኑን የሚያውቁ ሐኪሞች ምንም ሳይነካ በፊት አንድ ጊዜ፣ አካባቢው እየተጸዳ ሲሄድ ደግሞ በተደጋጋሚ፣ ከፊትም ከኋላም፣ ሁለቱ ቱቦዎች የሚገናኙበትን ቦታ እየፈለጉ የሚያዩት። የሚፈለገው መገናኛው ነው፤ መገናኛው ያልታየበት አረንጓዴ መስመር የማንን ቱቦ እንደሚያሳይ አይታወቅም።

መገናኛው ታይቶም ቢሆን ቀዶ ሐኪሙ ስትራስበርግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ያስቀመጡት «የደኅንነት ዕይታ» መሟላት አለበት። ይህም በከረጢቱ፣ በጉበቱና በዋናው ቱቦ መካከል ያለው ሦስት ማዕዘን ከስብና ከጠባሳ እንዲጸዳ፣ የከረጢቱ የታችኛው ሢሶ ከጉበቱ እንዲላቀቅ፣ ወደ ከረጢቱ የሚገቡት ነገሮችም ሁለት፣ የከረጢቱ ቱቦና ደም ወሳጅ ሥሩ ብቻ፣ ሆነው እንዲታዩ የሚጠይቅ ነው። ጸሐፊው በዚያ ሁሉ ገጽ ላይ ይህንን ዕይታ አንድ ጊዜ እንኳ አለመጥቀሳቸው አስገርሞኛል።

ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉ ይልቅ ዝርዝር ምላሽ የሚሻ ነው፤ ምክንያቱም «ያልተለመደ አቀማመጥ» እያሉ አንድ ነገር እንደሆነ አድርገው ያቀረቡት ነገር ብዙ ዓይነት ስለሆነና ብርሃኑም በእያንዳንዱ ላይ የሚሰጠው ጥቅም ስለሚለያይ ነው።

ጸሐፊው መነሻ ያደረጉትን መገልበጥ እንመልከት። ከ10,000 ሰዎች በአንዱ አካባቢ የሚገኝ ሁኔታ ነው። ሁሉም ነገር በመስተዋት ውስጥ እንደሚታይ ስለሚሆን ቀዶ ሐኪሙ ከሕመምተኛው በስተቀኝ ይቆማል፣ ሞኒተሩ ወደ ግራ ትከሻ ይዞራል፣ ቀዳዳዎቹም በተቃራኒው ጎን ይከፈታሉ። ዋናው ችግር የእጅ ነው፤ በቀኝ እጁ የሚሠራ ሐኪም ወይ እጆቹን አቆላልፎ ወይ በግራ እጁ ለያይቶ መሥራት ግድ ይሆንበታል። ይህንን ችግር ማቅለሚያው አይፈታውም። ከዚህም በላይ መገልበጥ ከሁሉም ያልተለመዱ አቀማመጦች አስቀድሞ ለማወቅ የሚቀለው ነው፤ የልብ ምት በቀኝ ደረት በኩል ይሰማል፣ የደረት ራጅ ያሳየዋል፣ አልትራሳውንድም ጉበቱን በግራ ያገኘዋል። እነዚህ ሦስቱም ምርመራዎች ከካሜራው እጅግ ርካሽ ናቸው። ሕመሙ በግራ በኩል ወይም በልብ ሥር ስለሚሰማ ሐሞት መሆኑ ሳይታወቅ ሊቆይ መቻሉም ምርመራውን የግድ ያደርገዋል። እንግዲህ ጸሐፊው አስቀድሞ ምርመራ አያስፈልግም ለማለት ያቀረቡት ምሳሌ ዞሮ ተቃራኒውን ያስረዳል፤ ቀዳዳዎቹ ከመከፈታቸው በፊት ሳይታወቅ ቢቀር ኖሮ ብርሃኑ የሚበራው ሁሉም ነገር በተሳሳተ ጎን ከተዘጋጀ በኋላ ነበር።

ሌላው ዓይነት ሆድ ዕቃው ሳይገለበጥ ከረጢቱ ብቻ ከእምብርት ወደ ጉበት ከሚወጣው ክብ ጅማት በስተግራ ሲገኝ ነው። ይህ በእውነት አሳሳች ነው። አልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል፣ ሕመሙም እንደተለመደው በቀኝ በኩል ሊሰማ ይችላል፤ ስለዚህ ሐኪሙ የሚያገኘው ካሜራውን ካስገባ በኋላ ነው። የከረጢቱ ቱቦ ዋናውን ቱቦ ከግራ ሊገናኘው ይችላል፤ አለበለዚያም በፊቱ አቋርጦ አልፎ በቀኝ በኩል ይገባል። በጉበት ውስጥ ያለው የደም ሥር አከፋፈልም ብዙ ጊዜ አብሮ ይለያል። እንዲህ ባለ ቦታ ማቅለሚያው አስቀድሞ ተሰጥቶ ከነበረ ገና ምንም ሳይነካ የቱቦዎቹን አቅጣጫ ማሳየቱ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ከጸሐፊው ጋር ከየትኛውም ቦታ ይልቅ የምስማማው እዚህ ላይ ነው። ይህም ካሜራው ያለው ሆስፒታል ማቅለሚያውን ለተመረጡ ሰዎች ብቻ ሳይሆን ለሁሉም እንዲሰጥ የሚያስገድድ ጥሩ ምክንያት ይመስለኛል፤ አስቀድሞ የማይታወቅን ነገር መርጦ መጠበቅ አይቻልምና።

ከቀኝ ጉበት የኋላ ክፍል የሚመጣው ቱቦ ዝቅ ብሎ ወደ ዋናው ቱቦ፣ አንዳንዴም በቀጥታ ወደ ከረጢቱ ቱቦ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል። ይህ ቱቦ ቀጭን ስለሆነ በስሕተት ተቆርጦ ሊያልፍ ይችላል። የታሕተ ቀይ ብርሃን በሰው አካል ውስጥ ዘልቆ የሚያሳየው ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ቱቦው ከላይ ከሆነ ይታያል፣ ከዋናው ቱቦ ኋላ ወይም በወፍራም ስብ ሥር ከተደበቀ አይታይም። ስለዚህ ጨለማ ሆኖ የቀረን ቦታ ቱቦ የለበትም ብሎ መተርጎም አደገኛ ነው። አርጀንቲናዊው ፓብሎ ሚሪዚ እ.ኤ.አ. በ1931 የጀመሩት፣ በቀዶ ሕክምናው መካከል ወደ ቱቦው ንጥረ ነገር ረጭቶ ራጅ የማንሣት ዘዴ ግን የጉበቱን ቅርንጫፎች በሙሉ ስለሚያሳይ፣ አንዱ ቅርንጫፍ ከምስሉ ሲጎድል ሐኪሙ ይነቃል። በዋናው ቱቦ ውስጥ የወረደ ጠጠር መኖሩንም ይነግረዋል፤ አረንጓዴው ብርሃን ይህንን በአስተማማኝ ሁኔታ ማድረግ አይችልም። ብርሃኑ በበኩሉ ራጁ የሌለው ብልጫ አለው፤ ራጁን ለማንሣት አስቀድሞ አንድ ቱቦ መለየትና መብጣት ያስፈልጋል፤ የተበጣው ዋናው ቱቦ ቢሆንስ? ለብርሃኑ ግን ምንም መብጣት አያስፈልግም፤ ጨረርም የለውም። ሁለቱ የሚመልሱት ጥያቄ ስለሚለያይ አንዱ ሌላውን አላስፈላጊ ያደርገዋል ማለት ትክክል አይደለም።

ድርብ የሐሞት ከረጢት ከ4,000 ሰዎች በአንዱ አካባቢ ይገኛል ይባላል። የሁለተኛው ከረጢት ቱቦ በጠጠር ከተዘጋ ማቅለሚያው ስለማይገባበት አይበራም፤ ሐኪሙም አንዱን አውጥቶ ሌላውን ትቶት ሊወጣ ይችላል። እዚህ ላይ የሚረዳው አስቀድሞ የሚነሣው፣ የሐሞት ቱቦዎችን በማግኔት የሚያሳየው የኤም አር ሲ ፒ ምስል ነው።

ስለ ደም ሥሮች ደግሞ ጽሑፉ ፈጽሞ ዝም ይላል። የቀኝ ጉበት ደም ወሳጅ ሥር አንዳንድ ጊዜ ወደ ከረጢቱ ተጠግቶ እንደ ጉብታ ከታጠፈ በኋላ ይመለሳል፤ ሐኪሙ የከረጢቱ ሥር መስሎት ሊቆርጠው ይችላል። ማቅለሚያው ጤነኛ ጉበት ባለው ሰው ደም ውስጥ በየ3 ወይም በየ4 ደቂቃው በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ከቀዶ ሕክምናው አስቀድሞ የተሰጠው ደም ሥርን አያሳይም። ሥሩን ለማየት በሥራው መካከል በድጋሚ መስጠት ያስፈልጋል፤ ያኔ ሥሩ ወዲያው በርቶ ብዙም ሳይቆይ ይደበዝዛል።

ይህንን ሁሉ ካልሁ በኋላ በአካባቢያችን ላሉ ሐኪሞች የሚበልጠውን ላንሣ። በእኛ ዘንድ የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ከምግብ በኋላ በልብ ሥር የሚነሣውን ሕመም ለዓመታት «ጨጓራ ነው» እያለ፣ እኛም አንዳንዴ የጨጓራ መድኃኒት እየሰጠነው፣ ጾም ሲፈታና ቅባት ሲበላ እየባሰበት ይቆያል። ወደ ቀዶ ሕክምና ሲመጣ ከረጢቱ ተደጋግሞ በመቆጣቱ ግድግዳው ወፍሯል፣ ተኮማትሯል፣ ከዋናው ቱቦ ጋር ተጣብቋል። በተፈጥሮ የተለየ አቀማመጥ ያለው ሰው ብርቅ ነው፤ በሕመም ብዛት አቀማመጡ የተለወጠ ሰው ግን የዘወትር እንግዳችን ነው። ብርሃኑ ከሁሉ ይልቅ የሚደክመውም በዚሁ ነው፤ ጠባሳው ወፍራም ስለሆነ ታሕተ ቀዩ ብርሃን አይዘልቅም፣ የከረጢቱ አንገት በጠጠር ከተዘጋም ማቅለሚያው አይገባም።

ሦስተኛውን ነጥብ በአጭሩ ልመልስ። ማቅለሚያው በአብዛኛው ደኅና መሆኑ እውነት ነው፤ ከባድ የአለርጂ ምላሽ እምብዛም አይታይም። «ማንንም አይጎዳም» ማለት ግን ሌላ ነው። የሚሸጠው ዱቄት ሶዲየም አዮዳይድ ስላለበት አዮዲን ለማይስማማው ሰው ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ሰመመን ሰጪውም ለአለርጂ ዝግጁ መሆን አለበት። «በማንኛውም ሰዓት ይሰጣል» የሚለው ደግሞ ሥራውን የሚያበላሽ ምክር ነው። ማቅለሚያው መጀመሪያ ጉበትን ራሱን ያበራዋል፤ ሕመምተኛው ጠረጴዛ ላይ ከወጣ በኋላ ቢሰጥ ጉበቱ እንደ ፋና እየነደደ ከሥሩ ያሉትን ቱቦዎች ይውጣቸዋል። ብዙ ቦታ የተለመደው 2.5 ሚሊ ግራም ያህል ከሥራው ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በፊት መስጠት ሲሆን፣ ሰዓታት ቀድሞ ሲሰጥ በቱቦውና በጉበቱ መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይጎላል። ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ጉበቱ የደከመ ሰው ደግሞ ማቅለሚያውን ቀስ ብሎ ስለሚያወጣ ምስሉ ደብዛዛ ይሆናል።

አራተኛው፣ ሆድ መክፈትን ሽንፈት ማድረጋቸው፣ ከሁሉ ያሳዘነኝ ነው፤ በዚህ አስተሳሰብ የሰለጠነ ወጣት ሐኪም መቆም ባለበት ቦታ አይቆምም። የደኅንነት ዕይታው አልሟላ ሲል ሌላ ቀዶ ሐኪም ጠርቶ ማማከር፣ የከረጢቱን ግድግዳ በከፊል ትቶ ጠጠሮቹን ማውጣት፣ ሆድ መክፈት፣ ወይም ፈሳሽ የሚያስወጣ ቱቦ አስቀምጦ መውጣት ሁሉም ተቀባይነት ያላቸው መንገዶች ናቸው። ብርሃኑ ቢበራም ባይበራም። የምጨምረው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሆድ መክፈት በራሱ የተጣበቀውን አካባቢ አያቀልም፤ ሆድ ከፍቶ መሥራትን ያልተለማመደ እጅ እዚያም ይሳሳታል። የፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ስም በያዘው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ ለሚማር የሕክምና ተማሪ ቅድሚያ ልናስተምረው የሚገባን በነጭ ብርሃን የሩቪየር የተባለውን፣ ዋናው ቱቦ ከበታቹ የሚገኝበትን ስንጥቅ በጉበቱ ሥር መፈለግንና ከዚያ መስመር በታች አለመውረድን ነው፤ ካሜራ ሲበላሽና መብራት ሲጠፋ አብሮት የሚቀረው ይህ ነውና።

ወደ መጨረሻው ምክር እንምጣ። ካሜራው የሌላቸው የሰሜን ሸዋ ሆስፒታሎች ላፓራስኮፒውን ትተው ሁሉንም ወደ አዲስ አበባ ይላኩ የሚለው ሐሳብ፣ ከመንዝ መሐል ሜዳ የተነሣን ገበሬ ደብረ ብርሃን ላይ ሳይቆም ተጨማሪ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ዘመድ በሌለበት ከተማ ወረፋ እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። የመኝታውንና የአስታማሚውን ወጪ ልተወው፤ ሕክምናውን ብቻ እንይ። በወረፋ ጊዜ ከረጢቱ በድጋሚ ይቆጣል፣ ጠጠር ወደ ዋናው ቱቦ ይወርዳል፣ ቆሽት ሊቆጣም ይችላል። እያንዳንዱ ቁጣ ጠባሳን ይጨምራል፤ ጠባሳው ደግሞ ከላይ እንዳልሁት ብርሃኑ የማይዘልቀው ነገር ነው። እንግዲህ ለብርሃኑ ሲባል የተላከው ሰው ብርሃኑ የማይጠቅመው ሰው ሆኖ ይደርሳል። ብዙው ሕመምተኛ የተለመደ አቀማመጥ ያለው፣ በነጭ ብርሃን የደኅንነት ዕይታው ሊሟላለት የሚችል ነው፤ እርሱን በቅርቡ፣ በጊዜው መሥራት ይሻላል።

መላክ የሚገባው ሰው ግን አለ፤ እርሱንም በግልጽ መለየት ይቻላል። ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ በአልትራሳውንድ ዋናው ቱቦው ሰፍቶ የታየ፣ ከረጢቱ ከቦታው ውጭ የተገኘ ወይም ጨርሶ ያልተገኘ፣ ልቡ በቀኝ የሚመታ፣ የላይኛው ሆዱ ቀደም ሲል የተከፈተ፣ በከረጢቱ አንገት የተቀረቀረ ጠጠር ዋናውን ቱቦ እየተጫነው እንደሆነ የተጠረጠረ ሰው ኤም አር ሲ ፒ፣ ኢ አር ሲ ፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ቱቦውን መመርመሪያና ጠጠር ማውጫ)፣ በሥራ መካከል ራጅና ቢቻል ማቅለሚያው ወዳለበት ቦታ ይሂድ። በሥራው መካከል ያልተጠበቀ አቀማመጥ ያጋጠመው ሐኪምም አንዳች ሳይቆርጥ አቁሞ ቢልክ ሕመምተኛው የሚያጣው ጥቂት ነው።

ካሜራውን መግዛት ለሚያስብ ሆስፒታል ደግሞ ጸሐፊው ያልነገሩትን አንድ ተራ ነገር ልንገር። ማቅለሚያው በብዛት የሚመጣው 25 ሚሊ ግራም በሚይዝ ብልቃጥ ሲሆን አንድ ጊዜ በውኃ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። በስሌት አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ሰው ይበቃል፤ በቀን አንድ የሐሞት ሕመምተኛ ብቻ በሚሠራበት ቦታ ግን ዘጠኙ እጅ ይደፋል። ስለዚህ ካሜራው ከመገዛቱ በፊት ሕመምተኞችን በአንድ ቀን ሰብስቦ የመሥራት ልማድ፣ የንጽሕና ሥርዓትና ማቅለሚያውን በሰዓቱ የሚሰጥ የዋርድ ነርስ ያስፈልጋል።

ጸሐፊው ለዚህ ምላሽ መልስ ከሰጡ በመጀመሪያው ጽሑፋቸው ያላገኘኋቸውን ዝርዝሮች ቢያክሉልን ደስ ይለኛል። የሕመምተኛዋ መገልበጥ የታወቀው መቼና በምን ምርመራ ነው? ማቅለሚያው ስንት ሚሊ ግራም፣ ከሥራው ስንት ሰዓት ቀድሞ ተሰጠ? ሁለቱ ቱቦዎች የሚገናኙበት ቦታ ምንም ሳይነካ በፊት ታይቷል ወይስ ከተጸዳ በኋላ? ክሊፑ ከመቀመጡ በፊት የደኅንነት ዕይታው ከፊትና ከኋላ ተሟልቶ ነበር ወይ? ምስሉ ካለም ነጭ ብርሃኑንና አረንጓዴውን ጎን ለጎን ቢያወጡት ብዙ እንማርበታለን።